የጽጌ ወራት አበባ፣ የጓሮ አትክልትና ንብ በሐሙሲት አካባቢ

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በደራ ወረዳ፣ በተለይም በሐሙሲት ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ድረስ አጥሩ፣ ድንበሩና ጓሮው በአበባ ይሸፈናል። አደይ አበባና ሜጭ በአጥር ሥር፣ ኑግ በማሳ፣ ዱባ በጓሮ፣ ዋንዛ ከቤቱ በላይ ያብባሉ። ይህን ወቅት አንዳንዱ ጸደይ፣ አንዳንዱ መፀው ይለዋል። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ድረስ ነው፤ በተለምዶ ግን ብዙ ሰው ጸደይን ከመስከረም ጋር ያያይዘዋል። በዚህ ጽሑፍ ክርክሩን ትተን «ጽጌ» እንላለን። የአካባቢው ገበሬ ዘመነ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው 40 ቀን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ የልማት ሠራተኛው ቀጠሮ ሲይዝም ሆነ ምክር ሲሰጥ ከየትኛውም የሥራ ሰሌዳ ይልቅ ይህ ይቀለዋል።

ስለ አበባ መጻፋችን ለጌጥ አይደለም። በየቀበሌው ደጋግመን የምንሰማቸው 3 ቅሬታዎች አሉ፤ እነርሱም ቀፎው በጽጌ ባዶ ሆነ፣ ዱባው አበባ ብቻ ሆኖ ቀረ፣ ኑጉ ቁመናው አምሮ ፍሬ አልያዘም የሚሉ ናቸው። ሦስቱ የተለያዩ መስለው ቢታዩም አብዛኛውን ጊዜ መነሻቸው አንድ ነው። አበባና ንብ በተገቢው ጊዜ አልተገናኙም ማለት ነው።

አበባው በአንድ ጊዜ የሚፈነዳው ለምንድን ነው?

ዝናቡ ማቆሙና ፀሐይ መውጣቷ አንዱ ምክንያት መሆኑን ማንም ያውቃል። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ሰማዩ ግን ጠርቷል፤ ተክሉ ምግቡን ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በሐሙሲት የቀን ብርሃን በሰኔ ከ12 ሰዓት ተኩል በላይ ሲሆን፣ በታኅሣሥ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ በመሆኑ ለሰው እምብዛም አይታወቀውም፤ ኑግ ግን ያውቀዋል። ኑግ ቀን ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። በዚህ ምክንያት ዘግይቶ የተዘራ ኑግ እንደ ዘገየ አይቆይም፤ ቀኑ ሲያጥር ቅርንጫፍ ሳያበዛ፣ ቁመት ሳይጨምር ያብባል። ከጊዜው በኋላ የተዘራ ኑግ ምርቱ የሚያንሰው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው።

አደይ አበባ ደግሞ የአንድ ዓመት ተክል ነው። በክረምቱ ዝናብ ይበቅላል፣ በመስከረም ያብባል፣ አፈሩ ሳይደርቅበት ዘሩን መጣል አለበት። አበባው ሳያልቅ ከሥሩ የታጨደበት ሥፍራ በሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ጥቂት ነው። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ የሚቀጥፉት እቅፍ አበባ ግን በዚህ ረገድ የሚያስከትለው ጉዳት የለም፤ ከልካይ መሆን አያስፈልግም።

አበባው በሁሉም ቦታ በአንድ ቀን አይወጣም። የጣና ሐይቅ ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት በልጦ ስለሚቀንስ፣ የአንዱ ዓይነት ተክል ዕድገት በደጋው ይዘገያል። ስለዚህ ከፋርጣ የመጣ ምክር ለጣና ዳር ቀበሌ እንዳለ አይሠራም። የልማት ሠራተኛው በሚሠራበት ቀበሌ አደይ አበባ፣ ሜጭ፣ ኑግና ዋንዛ የመጀመሪያ አበባ ያወጡበትን ቀን በየዓመቱ በማስታወሻው ላይ ቢይዝ፣ በ3 ዓመት ውስጥ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ የሚረዳው ሠንጠረዥ ይኖረዋል። በ1994 እ.ኤ.አ. ራይንሃርድ ፊክትልና አድማሱ አዲ ስለ ኢትዮጵያ የንብ ቀሰም ዕፅዋት ያሳተሙት መጽሐፍ ተክሉን ለመለየት በጣም ይጠቅማል፤ የየቀበሌውን ቀን ግን እዚያው ያለ ሰው ነው መመዝገብ የሚችለው።

ቀፎው የሚሞላው በነሐሴ ነው

ይህ ርእስ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንዲት ሠራተኛ ንብ ከዕንቁላል ተነሥታ እስክትፈለፈል 3 ሳምንት ያህል ይፈጅባታል። ከተፈለፈለች በኋላም 2 ወይም 3 ሳምንት በቀፎው ውስጥ እጭ ስትመግብ፣ ሰም ስትሠራና በር ስትጠብቅ ትቆያለች። ለቀሰም የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጠቅላላው 40 ቀን ያህል መሆኑ ነው። እንግዲህ ጳጉሜን ጨምረን ወደ ኋላ ስንቆጥር፣ ዘመነ ጽጌ በሚገባበት በመስከረም 26 ቀን ለቀሰም የምትሰማራው ንብ በነሐሴ 20 አካባቢ የተጣለችው ዕንቁላል ናት።

ነሐሴ ግን ለንብ ክፉ ወር ነው። ዝናቡ ከቀፎ አያስወጣም፤ የወጣችውም የምታገኘው አበባ ጥቂት ነው፤ ባለፈው ዓመት የተቆረጠው ማር ደግሞ ቀፎውን ባዶ አድርጎታል። አውራዋ ምግብ ካልገባላት ዕንቁላል መጣሉን ትቀንሳለች። እንዲህ ያለው ቀፎ በመስከረም አደይ አበባው ሲፈነዳ ዕንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ብርቱ ሠራዊት የሚኖረው በጥቅምት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ አበባው እያለቀ ነው። ባለቤቱም «ዘንድሮ አበባው ሞልቶ ሳለ ንቡ ሰነፈ» ይላል። ንቡ አልሰነፈም፣ ዘግይቶ ተነሣ እንጂ።

ለዚህ ሁለት መላ አለ። አንደኛው በሐምሌና በነሐሴ መቀለብ ነው። አንድ እጅ ስኳር በአንድ እጅ ንጹሕ ሙቅ ውኃ በጥብጦ፣ ቀዝቅዞ ሲያበቃ፣ ንብ እንዳትሰምጥበት ጭራሮ ጣል አድርጎ በምሽት በቀፎው ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ከቀፎ ውጭ ማስቀመጥ የጎረቤትን ንብ ጠርቶ ዝርፊያ ያስነሣል። የአካባቢው ንብ አናቢዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሰጡት በሶና የሽሮ ዱቄትም የአበባ ዱቄትን ቦታ በከፊል ስለሚተካ መልካም ነው። የማር ቀሰም ሲጀምር ግን የስኳሩ ቀለብ መቆም አለበት፤ አለበለዚያ የሚቆረጠው የስኳር ውኃ እንጂ ማር አይደለም። ሁለተኛው መላ ከዚህም ይረክሳል፤ እርሱም በኅዳር ቆረጣ ጊዜ የማር እንጀራውን ሁሉ አለመቁረጥ ነው። ስኳር በገበያ ተወድዶ ባለበት ጊዜ ሁለት ሦስት የማር እንጀራ ትቶ መግባት ለብዙ ቤት የሚሻለው ይህ ይመስለናል።

በክረምት የሚያብብ የጓሮ ተክልም ቀፎውን ይደግፋል። የጓሮ በቆሎ አበባ ወለላ ባይሰጥም ዱቄት ይሰጣል። ባቄላና ማገጥ በክረምቱ መውጫ ይደርሳሉ። ከጎመኑ መደብ ጥቂት እግር ሳይቆረጥ ተትቶ ቢያብብ ለዘርም ለንብም ይሆናል።

ስለ ዱባ

በሐሙሲት ጓሮ ከሚታዩት አበቦች ሁሉ ንብ ምን እንደምትሠራ ለገበሬ ለማሳየት ከዱባ የተሻለ የለም። የዱባ አበባ ወንዴና ሴቴ ተለያይቶ በአንድ ሐረግ ላይ ይወጣል። ወንዴው በቀጭን ረጅም አገዳ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከአበባው ሥር ትንሽ ዱባ የመሰለች እብጠት አላት። መጀመሪያ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ወንዴዎቹ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ መርገፋቸው ሊያሳስብ አይገባም። የሚያሳስበው ሴቴዋ ወጥታ፣ ትንሿ ዱባ በጥቂት ቀን ውስጥ ቢጫ ሆና ስትወድቅ ነው።

አበባው ሲነጋ ይከፈትና ወደ ቀትር ገደማ ይከደናል፤ ዳግመኛ አይከፈትም። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ከወንዴው ብዙ ዱቄት ወደ ሴቴዋ መድረስ አለበት። የዱባ ዱቄት ከባድና የሚጣበቅ በመሆኑ ነፋስ አያደርሰውም፤ ንብ ብቻ ናት፣ እርሷም አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግማ መመላለስ ያስፈልጋታል። ጥቂት ጊዜ ብቻ የተጎበኘችው ሴቴ አበባ ፍሬ ብትይዝም ዱባው በአንድ ወገን ጎድጎድ ብሎ የተጣመመ ይሆናል። ገበሬው «ዘሩ ተበላሸ» ይላል፤ ዘሩ ግን ደኅና ነው።

ንብ በጠፋበት ቦታ በእጅ ማዳቀል ይቻላል። ጧት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ወንዴውን አበባ ቆርጦ፣ ቅጠሎቹን ገንጥሎ፣ መካከሉን በሴቴዋ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው። አንዱ ወንዴ ለ2 ወይም ለ3 ሴቴ ይበቃል። ይህን ሥራ እናቶችና ልጆች በአንድ ማሳያ ብቻ ይለምዱታል። የልማት ሠራተኛው ለማስረዳት ቢፈልግ ሁለት ሴቴ አበቦችን በዋዜማው ምሽት ሳይከፈቱ በስስ ጨርቅ ይሸፍን፤ በማግስቱ አንደኛዋን በእጁ አዳቅሎ መልሶ ይሸፍናት፣ ሌላይቱን እንደ ተሸፈነች ይተዋት። ከሳምንት በኋላ የሚታየው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

በኑግም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ኑግ በራሱ ዱቄት ፍሬ ለመያዝ አይችልም፤ ከሌላ እግር የመጣ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ ለኑግ ማሳ ቀፎ ማስጠጋት ለንብ አናቢው ብቻ ሳይሆን ለኑጉ ባለቤትም ይጠቅማል። በጉማራ ወንዝ አካባቢ የሽንኩርት ዘር የሚያመርቱ ገበሬዎችም የሽንኩርት ዘር ያለ ነፍሳት እንደማይይዝ ሊነገራቸው ይገባል።

አበባው ከማሳ ወጥቶ ጓሮ ገባ

ከአንድ ትውልድ በፊት የንቡ ቀሰም በየማሳው ዳር ነበር። አሁን ያ ተለውጧል። በፎገራና በደራ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ተስፋፍቷል፤ ለገበሬው ያስገኘው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ሩዝ ለንብ ወለላ አይሰጥም። በጤፍ፣ በስንዴና በገብስ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ ደግሞ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ሁሉ ስለሚያጠፋ ከአረሙ ጋር አደይ አበባና ሜጭ ከድንበሩ ጠፍተዋል። በቤቱ ዙሪያ የተተከለው ባሕር ዛፍም አበባው ለንብ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ለአጣና ገና በለጋነቱ ስለሚቆረጥ ብዙ ሳያብብ ይወድቃል።

ሜጭ በማሳ ውስጥ አረም መሆኑን አንዘነጋም፤ ከጤፍ ጋር ይብቀል አንልም። በአጥር ሥር ሲሆን ግን ቀሰም ነው። ስለዚህ በጓሮው ዙሪያ፣ ከአጥሩ ጎን ሁለት እርምጃ ያህል ስፋት ያለው ሣርና አበባ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ሳይታጨድ ቢቆይ፣ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ ለአንድ ሁለት ቀፎ ትልቅ እርዳታ ነው። ሣሩ ለከብት ያስፈልጋል የሚል መልስ እንሰማለን፤ እውነት ነው። ዘሩን ከጣለ በኋላ ማጨድ ሣሩን ሙሉ በሙሉ ማጣት አይደለም።

የርጭት ነገር

ይህ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ነገር ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንመለከተዋለን። በመስኖ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ተባይ ሲመጣበት መርጨት የግድ ይሆንበታል፤ ያለዚያ ምርቱ ይጠፋል። ከእርሱ አጥር ማዶ 5 ቀፎ ያለው ጎረቤት ደግሞ ጧት ተነሥቶ ከቀፎው በር ሥር የሞተ ንብ ክምር ያገኛል። ሁለቱም ሠርተው የሚበሉ ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ሰፈር ናቸው። በሽማግሌ ታይቶ ካሣ የተከፈለበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ በቂም የቀረበትም አለ።

ንብ በመርዝ መሞቷንና በሌላ ምክንያት መሞቷን መለየት ያስፈልጋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ብዙ ንብ በቀፎው በር ፊት ከሞተ፣ ምላሷን ዘርግታ የምትንቀጠቀጥ ወይም መብረር አቅቷት የምትሽከረከር ንብ ከታየች፣ የበረታው ቀፎ ከደከመው ይልቅ ከተጎዳ፣ ርጭት መጠርጠር ይገባል። ብርቱ ቀፎ ብዙ ቀሳሚ ስለሚያሰማራ ነው በይበልጥ የሚጎዳው። ጥቂት በጥቂት እየሳሳ የሄደ ወይም ጠቅልሎ የኮበለለ ንብ ግን ብዙውን ጊዜ የረሃብ፣ የጉንዳን ወይም የሰም ብል ጉዳይ ነው። ያለ ምርመራ ጎረቤትን መክሰስ አይገባም።

መከላከያው በአብዛኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። ያበበ ተክል አይረጭም፤ በአትክልቱ መካከል ያበበ አረም ካለም አስቀድሞ ይታጨዳል። የግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎ ከገባች በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ነፋስ በሌለበት ይረጫል። ጧት መርጨት ንጹሕ አየር ስላለ ይመቻል ይባላል፤ ንብ ግን በዚያው ሰዓት በሥራ ላይ ናት። በዱቄት መልክ የሚነሰነስ መድኃኒት በንብ ጠጉር ላይ ተጣብቆ ከአበባው ዱቄት ጋር ወደ ቀፎ ስለሚገባ ከሁሉ የከፋ ነው። ሁለትና ሦስት ዓይነት መድኃኒት በአንድ መርጫ መደባለቅም በየቦታው የሚታይ ልማድ ሲሆን ጉዳቱ ለንብ ብቻ አይደለም፤ ለሚረጨው ሰው ነው። የመርጫው እጣቢ ንብ በምትጠጣበት ምንጭ ወይም ቦይ መፍሰስ የለበትም።

የሚረጨው ሰው ከአንድ ቀን በፊት ለንብ አናቢው ቢነግር፣ አናቢው በምሽት የቀፎውን በር በእርጥብ ጆንያ ሸፍኖ፣ አየር እንዲገባ ክፍተት ትቶ፣ ጧት ለጥቂት ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ከዚህ በላይ መዝጋት ንቡን በሙቀት ይገድለዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ እዚህ ላይ የሚሠራው ሥራ አለ። መድኃኒት የሚያከፋፍል ማኅበር ከሆነ፣ ሲሸጥ «በአጠገብህ ቀፎ ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅና በየመንደሩ የርጭት ምሽት መወሰን ይችላል፤ ለምሳሌ ሰው ሁሉ በሐሙስ ገበያ ሲገናኝ መልእክቱን ማስተላለፍ ይቀላል። የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 መውጣቱን ማኅበራት ሊያውቁ ይገባል፤ እኛ ግን ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በአጥር ላይ ቢያልቅ እንመርጣለን።

ቱ ፎር ዲ ንቧን ወዲያው አይገድልም። ነፋስ ወደ ጓሮ ካመጣው ግን የዱባውና የቲማቲሙ ቅጠል ይጠማዘዛል፣ አበባውም ይረግፋል። የቅጠል መጠምዘዝን በሽታ ነው ብሎ ሌላ መድኃኒት የሚጨምር ገበሬ ያጋጥማል፤ የልማት ሠራተኛው አስቀድሞ የጎረቤቱን የእህል ማሳ ይመልከት።

በጓሮው ምን ይተከል?

ዋንዛ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ነጭ አበባው ከጽጌ ጀምሮ ይዘልቃል፣ ጥላው ለቡናና ለጌሾ ይሆናል፣ ግንዱም ጣውላ ነው። ጣውላነቱ ግን ጠላቱም ሆኗል፤ ሁለት ሦስት ዋንዛ ያለው ቤት ለሠርግ ወይም ለተዝካር አንዱን ሲሸጥ ሌላ ችግኝ መተካቱን ማየት ያስፈልጋል። ግራዋ በአጥር ላይ ቢተከል የጽጌው አበባ ካለቀ በኋላ በበጋው ስለሚያብብ ክፍተቱን ይሞላል፤ ከቅርንጫፍም በቀላሉ ይበቅላል። በሶብላና ዳማ ከሴ ከደጃፍ፣ ጦስኝ በደጋው፣ ድምብላልና ጥቁር አዝሙድ በመደብ ላይ ለወጡም ለገበያም ለንብም ናቸው። ድርብርብ ቅጠል ያለው ጽጌረዳ ለዓይን ደስ ይላል፤ ንብ ግን ከእርሱ የምታገኘው ጥቂት ነው።

ቀፎው ከመንገድና ከከብት ማሰሪያ ፊቱን ያዙር። በበሩ ፊት ሰው የሚያክል ቁመት ያለው አጥር ካለ ንቡ ሲወጣ ወደ ላይ ስለሚበር ከሰው ጋር አይጋጭም።

ስለ ቆረጣ ጥቂት ቃል

የማር እንጀራው ሦስት አራተኛ ያህል በሰም ሳይከደን መቁረጥ ውኃ የበዛበት፣ የሚኮመጥጥ ማር ያስከትላል፤ ጥሩ ማር ውኃው ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ቆረጣው በምሽት፣ ከብቱ ርቆ ከታሰረ በኋላ ይሁን። ጢሱ ቀዝቃዛና ነጭ ሆኖ መጠኑ ይነስ፤ በጢስ የታፈነ ማር ጠረኑ አይለቅም።

ከኑግና ከሜጭ የተቀሰመው ቢጫ ማር በብርድ ቶሎ ስለሚረጋ ገዢው ስኳር ተቀላቅሎበታል ብሎ ዋጋ ያወርዳል። መርጋቱ የመጭበርበር ምልክት አለመሆኑን የማኅበሩ ሻጭ በገበያ ላይ ማስረዳት ይኖርበታል። ገዢው ፈሳሽ ካልሆነ አልወስድም ቢል፣ ማሩን ከነዕቃው እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማፍታታት ይቻላል፤ በእሳት ላይ በቀጥታ መጣድ ግን መዓዛውን ያጠፋዋል።